ዋና ከተማና የሀይቅ ዳር ከተማ፦ የአዲስ አበባና የሀዋሳ የዕለት ኑሮ

ኢትዮጵያ ዛሬ ባሕር የላትም። ድሮ "ባሕር ወረድን" የሚባለው ምጽዋ ነበር፤ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ግን ውሃ ዳር ማረፍ የፈለገ የአዲስ አበባ ሰው ፊቱን የሚያዞረው ወደ ሀይቅ ነው። ቢሾፍቱ ቅርብ ናት፤ ደርሶ መልስ ያስኬዳል። ላንጋኖ መዋኛ እንጂ ከተማ አይደለም። ባሕር ዳርና አርባ ምንጭ ይርቃሉ። ሙሉ ከተማ ሆና፣ በመኪና በግማሽ ቀን የምትደረስ፣ ሀይቋ ከመሀል አስፋልቷ በእግር የሚያደርስ አንድ ቦታ ጥሩ ቢባል አብዛኛው ሰው ሀዋሳን ይጠራል። ይህ ጽሑፍ በሁለቱ ከተሞች ሰው በዘወትር ቀን እንዴት እንደሚኖር ጎን ለጎን ያያል። የሀዋሳው ክፍል ረዘም ቢል አይፈረድብኝ፤ ስለ አዲስ አበባ የተጻፈው ብዙ ነው።

ስምና አመሠራረት

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው። አጼ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍልውሃ ወረዱ፤ ስሙን ያወጡት እቴጌይቱ ናቸው። ባቡር በ1909 ዓ.ም. ገባ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. እዚያው ተመሠረተ። ከተማዋ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ያለ ጃኬት የወጣ ሰው ይቀጣል።

ሀዋሳ ልጅ ናት። የተመሠረተችበት ዓመት ብዙ ጊዜ 1952 ዓ.ም. ተብሎ ይጠቀሳል። የዚያን ዘመኑ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ገዥ የልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም ስም ከምሥረታዋ ጋር አብሮ ይነሳል፤ ንጉሡም ሀይቁ ዳር ቤተ መንግሥት አሠርተው ነበር። የሲዳማ አባቶች ግን ታሪኩን ከዚያ ይጀምራሉ ቢባል አይስማሙም። ቦታው ቀድሞ አዳሬ ይባል ነበር፣ የከብት መሰማሪያ ሜዳ ነበር ይላሉ። አዳሬ የሚለው ስም ዛሬም በከተማው ሆስፒታል ላይ አለ። ሀዋሳ የሚለው ቃልም ከሲዳምኛ የመጣ ሲሆን "ሰፊ" ማለት ነው ይባላል። "አዋሳ" እያሉ የሚጽፉ የድሮ ሰዎች አሁንም አልጠፉም።

የሲዳሞ ዋና ከተማ ይርጋለም ነበረች፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ መቀመጫው ወደ ሀዋሳ ዞረ። ከዚያ የደቡብ ክልል ዋና ከተማ ሆነች። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ ሲዳማ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ራሱን የቻለ ክልል ሆነ፣ ሀዋሳም ዋና ከተማው። ስለዚህ "ዋና ከተማና መዝናኛ ከተማ" የሚለው ክፍፍል ለሀዋሳ ሰው ትንሽ ያስቃል። የእሱም ከተማ ቢሮ፣ ፋይልና "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው" የሚል መልስ ሞልቷታል።

መንገድ

አዲስ አበባ ውስጥ ርቀት የሚለካው በሰልፍ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጀሞ ወይም የካ አባዶ የታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ አያስብም፤ ከፊቱ ስንት ሰው እንዳለ ነው የሚቆጥረው። አንበሳ አለ፣ ሸገር አለ፣ ሃይገር አለ። በሁለት መስመር ወደ 34 ኪሎ ሜትር የተዘረጋው የከተማ ባቡር አለ። በስልክ የሚጠራው ራይድ አለ፣ አቅም ላለው። የብዙሃኑ ኑሮ ግን ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ ነው። "ወራጅ አለ!" ማለት የማይችል ዓይን አፋር ሰው አዲስ አበባ ላይ ቢያንስ አንድ ፌርማታ አልፎ ይወርዳል።

ሀዋሳ ሜዳ ናት። መንገዶቿ ሲቀየሱ ጀምሮ ሰፊና ቀጥ ያሉ ናቸው፤ የዛፍ ጥላም አላቸው። በዚህ በኩል ከአገራችን ከተሞች የሚወዳደራት ጥቂት ነው። ድሮ የብስክሌት ከተማ ነበረች። ተማሪውም፣ መምህሩም፣ ጸሐፊዋም በብስክሌት ነበር የሚሄዱት፤ መንገዱ ላይ ከመኪና ይልቅ የብስክሌት ደወል ይሰማ ነበር። አሁን ቦታውን ባጃጅ ወስዶታል። ከመናኸሪያ ወደ አቶቴ፣ ከፒያሳ ወደ ሪፈራል፣ ከአረብ ሰፈር ወደ ዳቶ በባጃጅ ነው የሚኬደው። የሀዋሳ ሰው "ሩቅ ነው" ሲል አሥራ አምስት ደቂቃ ማለቱ ነው። የአዲስ አበባ እንግዳ ይህን ሲሰማ ይስቃል።

ባጃጁ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ቤንዚን ሲጠፋ ማደያው ዳር የባጃጅ ሰልፍ ይረዝማል፤ መንገድ ዳር ደግሞ በሃይላንድ ጠርሙስ ተሞልቶ የሚሸጥ ቤንዚን ብቅ ይላል። ያን ቀን ዋጋው ይጨምራል። ሾፌሩን "ለምን?" ብትሉት በእጁ ጠርሙሱን ያሳያችኋል።

ሀይቁ

የሀዋሳ ሀይቅ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ካሉት ትልልቅ የአገራችን ሀይቆች ትንሹ ነው፤ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል። ከሀይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም። እንዲያም ሆኖ ውሃው ጨዋማ አልሆነም፤ ዓሳው የተረፈውም ለዚህ ነው። ጉማሬም አለበት። በጀልባ ወስደው የሚያሳዩ ልጆች ዋጋቸውን እንደ እንግዳው አለባበስ ይወስናሉ።

የከተማው ሰው ሀይቁ ውስጥ ሲዋኝ ብዙም አይታይም። እንግዳውም ቢሆን የሚዋኘው ሪዞርት ገብቶ ገንዳ ውስጥ ነው። ሀይቁ ለነዋሪው በመጀመሪያ የሥራ ቦታ ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ የማምሻ። ወደ ማታ ፍቅር ሀይቅ በሚባለው የውሃ ዳር መንገድ ቤተሰብ፣ ተማሪና ጥንድ ጥንድ ወጣት ይሞላል። ቆሎና ኦቾሎኒ የሚሸጡ፣ ፎቶ የሚያነሱ፣ ዝም ብለው ውሃውን የሚያዩ። ከዛፎቹ ላይ ጉሬዛና ጦጣ ይወርዳሉ። ሙዝ ይዞ የሚቀመጥ ሰው ሙዙ የራሱ እንዳልሆነ ቶሎ ይገባዋል።

ስለ ሥራው ግን አሞራ ገደል ነው የሚያስተምረው። አሣ አጥማጆቹ መረባቸውን አመሻሽ ላይ ይጥሉና ማለዳ ያወጣሉ። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲመለሱ ዳርቻው ገበያ ይሆናል። ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ቢልጫ በየዓይነቱ ሳር ላይና ጣውላ ላይ ይዘረጋል። ገና ልጅነት ያልለቀቃቸው ወጣቶች በቢላ ቅርፊቱን ይገፍፋሉ፤ አንዱን ቆሮሶ ቆዳውን ገፍፎ ሥጋውን ከአጥንት ለመለየት አንድ ደቂቃ አይፈጅባቸውም። ጭንቅላቱና አጥንቱ ወደ ሾርባው ድስት ይገባል። ሾርባው በብርጭቆ ይቀርባል፤ ቃሪያና ሎሚ ይጨመርበታል። ደፋር የሆነ ጥሬውን በዳጣ ይበላል። ሌላው ጎን ለጎን እየተሸነሸነ በዘይት የተጠበሰውን ይመርጣል፤ እሱን የሚበላ ሰው ማውራት ያቆማል፣ በእሾህ ምክንያት።

የተጣለውን አንጀት የሚጠብቁ አባ ኮዳዎች ናቸው። ራሰ በራ፣ ቁመታቸው የልጅ የሚያህል ወፎች ናቸው። እንደ ጡረተኛ እጃቸውን ወደ ኋላ ያደረጉ ይመስል በሰው መሀል ይንጎራደዳሉ። ማንም አይነካቸውም። ከተማዋን ያለ ደመወዝ ያጸዳሉና።

ዓሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ሀዋሳ ላይ ከሌላው ቦታ ይልቅ ይጦፋል። ገበያው ግን መልሱን ያውቃል፦ በዐቢይ ጾም የዓሳ ዋጋ ይወጣል። ወደ አዲስ አበባ በበረዶ ተጭኖ የሚሄደውም ብዙ ነው። አጥማጆቹ ዓሳው እያነሰ፣ መረቡም እየጠበበ መጣ ብለው ያማርራሉ። ቀዳዳው ጠባብ መረብ ጫጩቱንም ስለሚይዝ ነገ የሚጠመደውን ዛሬ መብላት ይሆናል።

2008 ዓ.ም.

የሁለቱን ከተሞች የቅርብ ጊዜ ኑሮ ለመረዳት ከዚህ ዓመት የተሻለ የለም። መስከረም ላይ የአዲስ አበባ ከተማ ባቡር ሥራ ጀመረ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ የሲዳማ የዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ በዩኔስኮ ተመዘገበ። ሐምሌ ላይ ደግሞ የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ።

ፍቼ ቀኑ በየዓመቱ አይገጥምም። አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች ኮከብና ጨረቃ አይተው ያውጃሉ። በዓሉ ሲደርስ ሀይቁ አጠገብ ያለው ጉዱማሌ በሰው ይጥለቀለቃል። አባቶች ዘንግና ጋሻ ይዘው ቄጠላ ይጨፍራሉ፤ ሰላምታው "አይዴ ጫምባላላ!" ነው። በየቤቱ ከቆጮ የተሠራ፣ ቅቤ የጠጣ ቡርሳሜ ይቀርባል። አንድ ጊዜ የቀመሰው ሰው ለምን ሬስቶራንቶች ዝርዝር ላይ ቀዳሚ እንደማይሆን ሊገባው አይችልም። ለእኔም አልገባኝም።

ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሌላ ታሪክ ነው። የልብስ ስፌት ፋብሪካዎቹ በአብዛኛው ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶችን ቀጠሩ። ማለዳ የሠራተኛ አውቶቡሶች ከተማውን ይዞራሉ። መነሻ ደመወዙ ዝቅተኛ ስለነበር ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል መከራየት የተለመደ ነው። አንዷ የሌሊት ፈረቃ ገብታ ስትመለስ ሌላዋ ከፍራሹ ትነሳለች። የቤት ኪራይ ያኔ መናር ጀመረ። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አጎዋ ከሚባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል ከታገደች በኋላ ሥራቸውን ያጡ ብዙ ናቸው። በዚያ ሰሞን የከተማው ባለ ሱቆች ዱቤ መዝገብ ወፈረ።

ቤትና ቋንቋ

አዲስ አበባ ቤት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚተዋወቀው ከደላላ ጋር ነው። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ዕድለኛ ይባላል፤ ዕድሉ ኮዬ ፈጬ ሆኖ ሥራው ፒያሳ ከሆነ ግን ዕድሉን በየቀኑ በትራንስፖርት ይከፍላል። ውሃ በፈረቃ ነው። የመጣበት ቀን ባልዲ፣ ጀሪካን፣ ድስት ሳይቀር ይሞላል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኮሪደር ልማቱ የድሮ ሰፈሮችን አንስቶ ሰፋፊ የእግረኛ መንገድና መብራት ተክሏል። ውበቱን የሚያደንቅም፣ ተነስቶ ከሄደው ጎረቤቱ ጋር ዕድሩን ያጣም አለ። ሥራው ሀዋሳም ደርሷል።

የሀዋሳ ነባር ቤቶች ግቢ አላቸው። አቮካዶ ወይም ማንጎ የሌለው ግቢ ነባር አይባልም። በአቮካዶ ወቅት ለጎረቤት መስጠት ደግነት መሆኑ ያበቃል፤ ሁሉም ሰው እንቢ ይላል። ቀትር ላይ ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ ሰው ከጥላ አይወጣም፣ ሥራውም ቀዝቀዝ ይላል። ይህን ስንፍና የሚሉ የአዲስ አበባ ሰዎች አሉ። ሐምሌ ላይ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነው ነው የሚሉት። ትንኝና ወባ ግን የእውነት ነገር ናቸው፤ አጎበር እዚህ ጌጥ አይደለም።

በሀዋሳ ገበያ አንድ ሻጭ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛና አማርኛ ሲቀያይር መስማት ብርቅ አይደለም። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሲዳምኛ ሲሆን በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ ታፔላዎቹም እንዲሁ። አዲስ አበባ ከሁሉም ብሔር የመጣ ሰው ቢኖርባትም ታክሲ ውስጥ የሚሰማው በአብዛኛው አማርኛ ነው።

ኳስም አለ። አዲስ አበባ በጊዮርጊስና በቡና ትከፈላለች። ሀዋሳ ከተማ፣ ሀይቆቹ፣ ፕሪሚየር ሊጉን በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. ወስደዋል። ከሲዳማ ቡና ጋር ሲጫወቱ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ማሊያ ይለበሳል።

እንግዳው

ሀዋሳን የሚያኖራት ሽርሽር ብቻ አይደለም። አበልም ጭምር ነው። የመሥሪያ ቤትና የድርጅት ስልጠና፣ ዓመታዊ ግምገማና ዎርክሾፕ ወደ ሀዋሳ ይመጣል። የሆቴል አዳራሽ ውስጥ እስከ 6 ሰዓት ስላይድ ይታያል፤ ከሰዓት በኋላ ተሳታፊው ግማሽ ይሆናል፤ ማታ ሁሉም ዓሳ ቤት ይገኛል። በ2002 ዓ.ም. የአትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴ ሪዞርት ሀይቁ ዳር ከተከፈተ ወዲህ ትልልቅ ማረፊያዎች ጨመሩ። ሙሽሮች ለጫጉላ ይመጣሉ። ታኅሣሥ 19 ለቅዱስ ገብርኤል ክብረ በዓል ግን አልጋ ለማግኘት ዘመድ ያስፈልጋል።

ዓርብ ማታ አአ የሚል ታርጋ ያላቸው መኪናዎች በሻሸመኔ በኩል ይገባሉ። የዓሳም የባጃጅም ዋጋ ያን ማታ ሌላ ነው። ነዋሪው ይህን ስለሚያውቅ ቅዳሜ ጠዋት አሞራ ገደል አይሄድም፤ ማክሰኞ ነው የሚሄደው። እሑድ ከ8 ሰዓት በኋላ መኪናዎቹ ይመለሳሉ። መቂ ላይ ቆመው ቲማቲምና ሽንኩርት በሳጥን ይጭናሉ፣ ልጆቹ ከኋላ ይተኛሉ። ሲመሽ ቱሉ ዲምቱ የክፍያ ጣቢያ ይደርሳሉ። እዚያ ሰልፍ አለ።