«እንደ ፊሽዋይፍ መሳደብ»፦ የአነጋገሩ ትርጉምና ምንጭ

እንግሊዞች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ያለ እፍረት የምትሳደብ ሴትን «እንደ ፊሽዋይፍ ትሳደባለች» ይሏታል። «ፊሽ» ዓሣ ነው፤ «ዋይፍ» ደግሞ በዛሬው እንግሊዝኛ ሚስት ማለት ስለሆነ፣ ቃሉ የዓሣ አጥማጅን ሚስት የሚያመለክት ይመስላል። እውነተኛው ፍቺ ግን ዓሣ ሻጭ ሴት የሚል ነው።

በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ዊፍ» ያገባችም ሆነች ያላገባች ማንኛዋም ሴት መጠሪያ ነበር። ትርጉሙ ውሎ አድሮ ለሚስት ቢወሰንም፣ የቀድሞው ፍቺ በሙያ ስሞች ውስጥ ተጠብቆ ቆይቷል። ቢራ ጠምቃ የምትሸጥ ሴት «ኤልዋይፍ» ትባል ነበር። አዋላጅን የሚያመለክተው «ሚድዋይፍ»ም ከዚሁ ወገን ነው፤ «ሚድ» በጥንቱ አነጋገር «አብሮ» ማለት ስለነበር፣ ቃሉ በምጥ ጊዜ ከወላዷ አጠገብ የምትሆን ሴት የሚል ፍቺ አለው። የእኛው «ባልቴት»ም «በዓልተ ቤት»፣ ማለትም የቤት ባለቤት፣ ከሚለው የግእዝ ሐረግ ወጥቶ ዛሬ አሮጊትን ማመልከቱ፣ የሴት መጠሪያዎች ፍቺ እንዲህ መንሸራተቱ በእንግሊዝኛ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል።

ስድቡ ከሙያው ጋር የተቆራኘው በተለይ በለንደን፣ ከቴምዝ ወንዝ ዳር በነበረው የቢሊንግስጌት ገበያ ምክንያት ነው። በረዶ ባልነበረበት ዘመን ዓሣ ሳይበላሽ በዕለቱ መሸጥ ስለነበረበት፣ በጫጫታው መካከል ገዢ ለመጥራትም ሆነ በዋጋ ለመከራከር መጮህ ግድ ነበር። የገበያተኞቹ አንደበት ዝናው ከመግነኑ የተነሣ፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን «ቢሊንግስጌት» የሚለው የቦታ ስም ራሱ ጸያፍ ንግግር የሚል ትርጉም አገኘ። ገበያው በእ.ኤ.አ. 1982 ከቦታው ቢነሣም ፍቺው በመዝገበ ቃላት ውስጥ አለ።

በእኔ አስተያየት አነጋገሩ ፍርደ ገምድል ነው። በዚያው ገበያ የሚጮኹና የሚሳደቡ ወንዶችም ነበሩ፤ ለዓሣ ነጋዴ የተሰጠው ሌላው ስም፣ «ፊሽሞንገር»፣ ግን እንዲህ ያለ ነውር አልተለጠፈበትም። «ሞንገር» ነጋዴ ማለት ሲሆን ሥሩ «ማንጎ» የተባለው የላቲን ቃል ነው። በዚህ ስም የሚጠራው የለንደን ዓሣ ነጋዴዎች ማኅበር ከከተማይቱ 12 ታላላቅ የሙያ ማኅበራት አንዱ ነው፤ በቴምዝ ዳር የራሱ አዳራሽም አለው።