«ዛሬም ለመሸነፍ ነው የምትሄጂው?» ስለ ሚስቲክስና ስለ ሴቶች ቅርጫት ኳስ የምሰማቸው ስህተቶች

ይህን ጥያቄ የሚጠይቁኝ የባለቤቴ አጎት ናቸው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታችን ቡና ተፈልቶ እኔ ቀዩን ማሊያ ለብሼ ለመውጣት ስነሣ፣ «አንቺ ልጅ፣ ዛሬም ለመሸነፍ ነው የምትሄጂው?» ይሉኛል፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። አጎታችንን አከብራቸዋለሁ። ነገሩ በእርሳቸው ቢቀር ዝም ብዬ ባለፍኩት ነበር። ግን የሥራ ባልደረቦቼም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቅርጫት ኳስ የማስተምራቸው ልጆች ወላጆችም፣ አሁን አሁን ልጆቹም ጭምር ያንኑ ይደግሙታል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ በአሜሪካ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ሊግ (WNBA) የሚጫወተው የከተማችን ቡድን ዋሽንግተን ሚስቲክስ የ2024ን ውድድር 12 ጊዜ በተከታታይ ተሸንፎ ሲጀምር ምሳር ያላነሣበት ሰው አልነበረም። ስለዚህ የሰለቸኝን ሁሉ አንድ በአንድ ልመልስ። ዓመታቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ለሴቶች ቀለበቱ ዝቅ ይደረጋል።» አይደረግም። ለወንድም ለሴትም ከወለሉ 3.05 ሜትር ከፍ ብሎ ነው የሚሰቀለው።

«ኳሱ ግን አንድ ነው።» ይህም ስህተት ነው። የሴቶቹ ኳስ ዙሪያው በ2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ያንሳል፤ ቁጥር 6 ይባላል። ወላጆች ሆይ፣ የ12 ዓመት ልጃችሁን ቁጥር 7 ኳስ አስይዛችሁ አትላኩብኝ። ልጅቱ ኳሱ ስለሚከብዳት ከደረቷ እየገፋች መወርወር ትለምዳለች፤ ያንን ልማድ ለማስተው እኔ አንድ ዓመት ይፈጅብኛል።

«ዳንክ ስለማያደርጉ አሰልቺ ነው።» ዳንክ ማለት ዘሎ ኳሱን ከላይ በእጅ ቀለበቱ ውስጥ መክተት ነው። ተጫዋቿ ሊሳ ሌስሊ በዚህ ሊግ ዳንክ ያደረገችው በ2002 ነው፤ ከእርሷ በኋላም ሌሎች አድርገዋል። ደግሞስ ዳንክ ስንት ነጥብ ያስገኛል? ሁለት። ሰሌዳውን ነክታ በቀስታ የምትገባው ኳስም ሁለት።

«ሴቶችን ማን ይመለከታል?»

ይህን የሚል ሰው ከተማችንን አያውቃትም። ሚስቲክስ በተመሠረተበት በ1998 ካደረጋቸው 30 ጨዋታዎች ያሸነፈው 3 ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት በአማካይ የተመልካች ብዛት ከሊጉ ቡድኖች ሁሉ አንደኛ የወጣውም ይኸው ቡድን ነው። በኋላም በተመልካች አንደኛ የወጣባቸውን ዓመታት የሚያስታውስ ሰንደቅ በአዳራሹ ጣሪያ ላይ ሰቅሎ ነበር። ዋንጫ የሌለው ሰንደቅ ነው ብለው ብዙዎች አፌዙበት። እኔ በስፖርት አዳራሾች ውስጥ ካየኋቸው ሰንደቆች ሁሉ የማከብረው እርሱን ነው፤ የተሰቀለው 27 ጊዜ ለተሸነፈ ቡድን ትኬት እየገዛ ለመጣ ሕዝብ ነውና። በ2024 መጨረሻ ደግሞ መሐል ከተማ ባለው ትልቁ አዳራሽ ሚስቲክስ ከኢንዲያና ጋር ሲጫወት 20,711 ሰው ገብቷል፤ ያን ጊዜ በሊጉ ታሪክ ለአንድ ጨዋታ ከተመዘገበው ሁሉ የበለጠ ቁጥር ነበር። ከዚያ ሕዝብ መካከል የኢንዲያናዋን ኮከብ ኬትሊን ክላርክን ለማየት የመጣው ብዙ እንደነበር አልክድም። ወደ አዳራሹ ያስገባው ማንም ይሁን ማን፣ የተቀመጠው ግን የሴቶች ቅርጫት ኳስ ሊመለከት ነው።

«ሆን ብለው ነው የሚሸነፉት፤ ጥሩ ልጅ በድራፍት ለማግኘት።»

ይህን የሚሉት ብዙ ያወቁ የሚመስላቸው ናቸው። ድራፍት አዲስ ተጫዋቾች ለቡድኖች የሚከፋፈሉበት ዓመታዊ ምርጫ ነው። የመጀመሪያውን ተራ ለማግኘት ዕጣ የሚገቡት ለማጣሪያው፣ ማለትም ዋንጫው ወደሚወሰንበት የመጨረሻ ዙር፣ ያላለፉ ቡድኖች ሲሆኑ፣ ዕድላቸው የሚሰላው ደግሞ በሁለት ዓመት ድምር ውጤት ነው። አንድ ዓመት ወድቆ መነሣት ብዙም አይጠቅምም ማለት ነው። ሚስቲክስ ያ ሁሉ ሽንፈት ከደረሰበት በኋላ ዕጣው ያወጣለት አራተኛውን፣ ማለትም ዕጣ ከገቡት የመጨረሻውን ተራ ነበር። ሦስተኛውን ያገኘው ተጫዋቹን ኤሪየል አትኪንስን ለቺካጎ ሰጥቶ ነው። በነዚያ ሁለት ተራዎች የመጡት ሶኒያ ሲትሮንና ኪኪ ኢሪያፈን በመጀመሪያ ዓመታቸው፣ በ2025፣ ሁለቱም ለኮከቦች ጨዋታ ተመርጠዋል። ግን ሜዳ ላይ ያለችውን ተጫዋች አስቡ። ድራፍት የሚያመጣው የእርሷን ወንበር የምትወስድ ልጅ ነው። በየትኛው አንጀቷ ሆን ብላ ትሸነፋለች?

«የሚሸነፉት መጫወት ስለማይችሉ ነው።»

ወደ ዋናው መጣሁ። ከሁሉ የሚያበሳጨኝ ይህ ነው፤ የአጎታችን ጥያቄም ቢገለበጥ የሚገኘው ከሥሩ ይኸው ነው።

በመጀመሪያ ቁጥሩን እንይ። በ2024 በሊጉ 12 ቡድኖች ነበሩ፤ እያንዳንዱ ቢበዛ 12 ተጫዋች ይይዝ ነበር። በዓለም ሁሉ ላሉ ሴቶች የተዘጋጀው ቦታ 144 ነበር። በዚያ ዓመት በድራፍት የተመረጡት 36 ነበሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ተሰናበቱ። የቤልጂየሟ ጁሊ ቫንሉ ለረጅም ዓመታት በአውሮፓ ስትጫወት ቆይታ ወደዚህ ሊግ የገባችው በ2024፣ በ31 ዓመቷ ነው፤ የገባችውም ወደ ሚስቲክስ ነው። እንግዲህ በመጨረሻው ቡድን የመጨረሻው ወንበር ላይ የምትቀመጠው ሴት በዓለም ምርጥ ከሚባሉት አንዷ ናት።

ታዲያ ለምን ተሸነፉ? በ2019 ዋንጫ ያመጣችልን ኤሌና ዴሌ ዶን በ2024 ላለመጫወት ወሰነች። ኳሱን እየያዘች ቡድኑን ትመራ የነበረችው ናታሻ ክላውድ ወደ ፊኒክስ ሄደች። ብሪትኒ ሳይክስና ሻኪራ ኦስቲን በጉዳት ለረጅም ጊዜ ከሜዳ ራቁ። የቀሩት አብረው ብዙ ያልተጫወቱ ናቸው።

ይህ ሜዳ ላይ ምን እንደሚመስል በሜይ ወር ከሄድኩባቸው ቀናት የአንዱን ልንገራችሁ። ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀዩ መስመር ተነሥቼ ፎርት ቶተን ላይ ወደ አረንጓዴው እቀይርና ኮንግረስ ሃይትስ እወርዳለሁ። አዳራሹ ድሮ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል በነበረው በሴንት ኤልሳቤጥ ግቢ ውስጥ ነው፤ የሚይዘው 4,200 ሰው ብቻ ስለሆነ ተጫዋቾቹ እርስ በርስ ሲጠራሩ ይሰማል። በሩ እንደተከፈተ ገባሁ። አንዲት ተጠባባቂ ከማዕዘን ቆማ ትወረውራለች፤ ረዳት አሠልጣኙ እያነሣ ይመልስላታል። ከዚያችው ቦታ ሳትንቀሳቀስ አሥር ስታስቆጥር አንድ እርምጃ ፈቀቅ አለች፤ እንደገና አሥር። የሦስት ነጥብ መስመሩ ከቀለበቱ 6.75 ሜትር ያህል ይርቃል። መጫወት አይችሉም የሚለኝ ሰው ያን ሰዓት አጠገቤ ቢኖር እንዴት ደስ ባለኝ!

ጨዋታው ተጀመረ። በሦስተኛው ሩብ የባላጋራ ተጫዋች መሐል ላይ ቆማ የተከላካያችንን መንገድ ዘጋች። በዚያች ቅጽበት ሁለት ተከላካዮች ማን ማንን እንደሚከተል መወሰን አለባቸው። ለዓመታት አብረው የተጫወቱ በዓይን ይግባባሉ፤ አዲሶቹ መነጋገር አለባቸው፤ ለመነጋገር ደግሞ ግማሽ ሰከንድ ያስፈልጋል። ሁለቱም ኳስ የያዘችውን ተከተሉ፣ ሌላዋ ማዕዘን ላይ ብቻዋን ቀረች፣ ሦስት ነጥብ ገባ። በዚያ ምሽት ይህ ስህተት ሲደገም አምስት ጊዜ ቆጠርኩ። በአንድ ጨዋታ እያንዳንዱ ቡድን ወደ 80 ጊዜ ያጠቃል። ከ80 አምስቱ ሲበላሹ ሽንፈት ይሆናል፤ ጋዜጣው ላይ ግን የሚወጣው «ተሸነፉ» የሚል ቃል ብቻ ነው። በጁን ኢንዲያና ያሸነፈን 85 ለ 83 ነበር። አንዲት ኳስ ናት!

እነዚህ ሰዎች ያላዩትን ደግሞ ልናገር። ከ12ቱ ሽንፈቶች በኋላ በነበሩት 28 ጨዋታዎች ቡድኑ 14 አሸንፎ 14 ተሸነፈ። ያቺ ግማሽ ሰከንድ በነሐሴ ላይ አጠረች። ሴፕቴምበር 19፣ በእኛ መስከረም 9፣ የአዲስ ዓመቱ አበባ ገና ጠረጴዛችን ላይ ሳለ፣ የመጨረሻው ቀን ጨዋታ ሲደርስ ለማጣሪያው የማለፍ ዕድላችን አልተቋረጠም ነበር። እኛ ኢንዲያናን ማሸነፍ፣ አትላንታ ደግሞ ኒው ዮርክ ላይ መሸነፍ ነበረበት። ከ20,711ዱ መካከል እኔና የ11 ዓመት ልጄ ነበርን። እርሷ ስልኬን ይዛ የአትላንታን ውጤት ትነግረኛለች፣ እኔ ሜዳውን አያለሁ። ኢንዲያናዎች ቦታቸውን አስቀድመው ስላረጋገጡ ኮከቦቻቸውን ብዙ አላጫወቱም፤ ይህም መነገር አለበት። 92 ለ 91 አሸነፍን። አትላንታም አሸነፈ። በአንድ ጨዋታ ልዩነት ቀረን፤ ልጄ ስልኩን ደረቷ ላይ ይዛ አለቀሰች። በጁን «አለቀላቸው» ያሉኝ ሰዎች ይህን ሁሉ አላዩም።

አጎታችን በዚያ ዓመት የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ካነሣ 20 ዓመት የሞላውን አርሴናልን ለማየት ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሡ ነበር። እኔም ቡና አቀርብላቸው ነበር እንጂ ለምን ይነሣሉ ብዬ ጠይቄያቸው አላውቅም፤ ቡድን መውደድ ምን እንደሆነ ገብቶኛልና።

«እሺ፣ ግን ምን አያለሁ? ሕጉን አላውቀውም።» ሕጉን ማወቅ አያስፈልግም፤ ኳሱን መከተል ማቆም ብቻ ነው። ለተማሪዎቼ የምሰጠውን ሥራ ለእናንተም እሰጣለሁ። አንዲት ተጫዋች ምረጡ። አንድ ሙሉ ሩብ፣ አሥር ደቂቃ ማለት ነው፣ ዓይናችሁን ከእርሷ አትንቀሉ፤ በተለይ ኳስ ሳትይዝ። ስንት ጊዜ ለሌላዋ መንገድ እንደከፈተች፣ ስንት ጊዜ ወደ ኋላ ሮጣ እንደተከላከለች ወረቀት ላይ ጻፉ። ውድ ትኬት አትግዙ፤ ከቀለበቱ ጀርባ ከፍ ብሎ ያለው ርካሽ ወንበር ለዚህ ይሻላል፤ የአሥሩንም እንቅስቃሴ አንድ ላይ ያሳያል። ሹራብ ያዙ፤ በሐምሌም ቢሆን አዳራሹ ይቀዘቅዛል። ልጆቻችሁን በሩ ሲከፈት አስገቡ፤ ሲለማመዱ ማየት ከእኔ የሁለት ሳምንት ትምህርት ይበልጣል።

«በ15 ነጥብ ከተመሩ በኋላ መቀመጥ ምን ይጠቅማል?» የመጨረሻዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ሲቀሩ፣ ሕዝቡ የመኪና መጨናነቅ ፈርቶ ሲወጣ፣ አሠልጣኙ ያችን ከማዕዘን ስትወረውር የነበረችውን ልጅ ያስገባታል። እርሷ እስከዚያ ሰዓት ወንበር ላይ ነበረች። በሚቀጥለው ሳምንት ቡድኑ ውስጥ መቆየቷ በነዚያ ሦስት ደቂቃዎች ሊወሰን ይችላል፤ ስለዚህ ልክ እኩል እንደሆነ ጨዋታ ትሮጣለች። በሜይ ያየኋት ገብታ ሁለት ወረወረች፤ የመጀመሪያው ሳተ፣ ሁለተኛው ከዚያው ከማዕዘን ገባ። ያጨበጨብነው ጥቂት ነበርን። ባቡሩ ጨዋታው ካለቀ በኋላም አለ።