«ሰው ቢያየኝስ?» እና ሌሎች ከስብሰባው በር የሚመልሱ ወሬዎች

መጠጥ ካቆምኩ ጥቂት ዓመታት ሆኑኝ። ከዚያ በፊት ግን ስድስት ወር ሙሉ ስብሰባ «ልሄድ» ነበር። አንድ ቀን ከአራት ኪሎ ተነስቼ በሩ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። የመለሰኝ ወሬ ነው። ዛሬ አዲስ ሰው ሲደውልልኝም ያንኑ ወሬ ይነግረኛል።

የማወራው ጠጪዎች እርስ በርስ ስለሚደጋገፉበት ስብሰባ ነው። በጣም የታወቀው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ ባጭሩ ኤኤ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ፣ አክሮን በምትባል ከተማ ሁለት ጠጪዎች ጀመሩት። አንደኛው ሐኪም ነበር።

«ሰው ያየኛል፣ ስሜ ይጠፋል»

ትልቁ ይሄ ነው። አዲስ አበባ ከተማ ትመስላለች እንጂ መንደር ናት። ካዛንቺስ ብታስነጥስ ሜክሲኮ ላይ «ይማርህ» የሚልህ አታጣም።

የመጀመሪያ ቀን ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ አውርጄ ገባሁ። ከተቀመጡት አንዱ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ሆኖ አረፈው። ላብ አጠመቀኝ። እሱ ተነስቶ ሻይ ቀዳና «ስኳር ስንት ላድርግልህ?» አለኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። እስከ ዛሬ ውጭ ስንገናኝ የምናወራው ስለ ታክሲ ሰልፍ ነው።

ያየህ ሰው እኮ እሱም እዚያው ነው ያለው! አኖኒመስ ማለት ራሱ ስም የማይጠቀስበት ማለት ነው። የአባት ስም አይጠየቅም፣ የተወራው እዚያው ይቀራል። ማንም ምሎ አይገባም፤ ግን ሁሉም የሚደብቀው ነገር ስላለው የሌላውንም ይጠብቃል። ደግሞስ ግሮሰሪ በር ላይ ስንገዳገድ ሰው አላየንም ነበር?

«ሃይማኖቴን ያስቀይሩኛል»

እናቴ «ጴንጤ ሊያደርጉህ ነው» ብላ አልቅሳለች። የኤኤ አባላት ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚከተሏቸው አሥራ ሁለቱ ደረጃዎች ፈጣሪን መጥቀሳቸው እውነት ነው። ግን እያንዳንዱ በገባው መንገድ እንዲያስበው ነው የተተወው። ኤኤ ከየትኛውም እምነት ጋር አልወገነም። በእኛ ቡድን ዓርብ ወተት የማይነካው ሰው ረመዳን ከሚጾመው ጎን ይቀመጣል። ምንም የማያምንም አለ። በጸሎት የሚዘጉ ቡድኖች ያጋጥሙሃል፤ ካልመሰለህ ዝም ብለህ መቆም ነው። ጸበልም ተው አይባልም። እንጦጦ ሲጠመቅ ከርሞ ማታ ስብሰባ የሚመጣ ወዳጅ አለኝ።

«እኔ ቢራ ብቻ ነው የምጠጣው»

ሒሳቡን እንሥራው። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ 5 ከመቶ አልኮል ያለው ጠርሙስ ቢራ ውስጥ 16.5 ሚሊ ሊትር ንጹህ አልኮል አለ። 40 ከመቶ የሆነ ጂን በ40 ሚሊ ሊትር መለኪያ ሲቀዳ 16 ሚሊ ሊትር ነው። ስድስት ቢራ የጠጣ ሰው ስድስት መለኪያ ጂን እንደጠጣ ቁጠረው። ለማንኛውም በሩ ላይ ሚዛን የያዘ የለም። ለመግባት የሚጠየቀው ለማቆም መፈለግ ብቻ ነው።

«ስብሰባ ከገባሁ ሐኪም ምን ያደርግልኛል?»

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ በብዛት የጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፤ አንዳንዱን እንደሚጥል በሽታ ያንዘፈዝፈዋል። ሁለተኛና ሦስተኛው ቀን ላይ ከባድ መቃዠት ሊመጣ ይችላል። ይገድላል። ጠዋት ካልቀመስክ እጅህ ብርጭቆ አልይዝ የሚል ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂድ። አማኑኤል ሆስፒታል የሱስ ሕክምናም ይሰጣል። «የእብድ ቤት» የሚለውን ስም እርሳው፣ እሱም ሌላ ወሬ ነው። ስብሰባ ላይ መድኃኒት የሚያዝ ሰው የለም፤ ካዘዘልህም አትስማው።

«ወሬ ብቻ ነው፣ አይሠራም» የሚሉም አሉ። ኮክሬን የሚባለው፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው ግምገማ 27 ጥናቶችን፣ ከ10,000 በላይ ሰዎችን አይቷል። ከመጠጥ ጨርሶ በመራቅ በኩል ኤኤና ሰውን ወደ ኤኤ የሚመራው ሕክምና ከሌሎች የታወቁ የንግግር ሕክምናዎች የተሻለ ውጤት አሳይቷል። ሁሉም ይድናል ማለት ግን አይደለም። እኔ ራሴ ሁለቴ ወድቄ ተመልሻለሁ።

«ማውራት ግዴታ ነው፣ ክፍያም አለው»

ሁለቱም ውሸት። «ዛሬ ልስማ» ካልክ በቂ ነው። ለሻይና ለኪራይ መዋጮ ይዞራል፤ ከሌለህ ለጎንህ ታሳልፋለህ።

«ሄጄ አጣኋቸው፣ ተበትነዋል»

ሳይበተኑ ቦታ ቀይረው ይሆናል። ፒያሳና ካዛንቺስ ከፈረሱ ወዲህ የድሮ አድራሻ ይዘህ ብትሄድ የምታገኘው አዲስ የእግረኛ መንገድ ሊሆን ይችላል። ቀድመህ ደውል፤ ወይም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያሉ ባለሙያዎችን ጠይቅ። እስክታገኝ በኢንተርኔት የሚካሄዱ ስብሰባዎች አሉ።

ሰዓቱንም ልብ በል። ዝርዝሩ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ 6፡30 ያለው ከምሽቱ 12፡30 ሊሆን ይችላል። እኔ በቀን 6፡30፣ በጠራራ ፀሐይ ደረስኩ። በሩ ተዘግቷል። ዘበኛው ምሳቸውን እየበሉ ነበር። ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «የሻይዎቹን ነው? እነሱ ማታ ነው የሚመጡት። አሁን እንብላ» አሉኝ።