ፒንክ ፍሎይድ እና የጎደለው ጓደኛ

ፒንክ ፍሎይድ በ1965 ለንደን ውስጥ የተመሠረተ የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ቤዝ ጊታር ይጫወት የነበረው ሮጀር ዋተርስ፣ ኪቦርድ ላይ የነበረው ሪቻርድ ራይትና ድራመሩ ኒክ ሜሰን የተዋወቁት አርክቴክቸር ሲማሩ ነው። አራተኛው ሲድ ባሬት የሥዕል ተማሪ ነበር፤ ከዋተርስ ጋር ካምብሪጅ ከልጅነታቸው ጀምሮ ይተዋወቃሉ። የባንዱን ስም ያወጣውም ሲድ ነው። ፒንክ አንደርሰንና ፍሎይድ ካውንስል ከሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን የብሉዝ ሙዚቀኞች ስም ወሰደው።

እነዚህን ሰዎች ለዓመታት ሰምቻቸዋለሁ፣ አሁንም አልጠገብኳቸውም። ብዙ ሰው ስለ መብራታቸውና ስለ መድረካቸው ያወራል። እኔን የሚይዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አይቸኩሉም። አንድ ድምፅ ያሰሙና እስኪጠፋ ይጠብቁታል። ደግሞ ከምርጥ ሥራዎቻቸው ብዙዎቹ ውስጥ አንድ የጎደለ ሰው አለ።

ያ ሰው ሲድ ነው። በ1967 የወጣውን የመጀመሪያ አልበማቸውን አብዛኛውን ዘፈን የጻፈው እሱ ነበር፤ መልከ መልካም፣ ተጫዋች፣ ሐሳቡ የማያልቅ ልጅ። በዚያው ዓመት ግን ኤልኤስዲ የሚባለውን ዕፅ አብዝቶ ይወስድ ጀመር፣ አእምሮውም ታወከ። መድረክ ላይ ወጥቶ ጊታሩን እንዳንጠለጠለ ፈዞ የሚቆምበት ጊዜ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ የድሮ ጓደኛውን ዴቪድ ጊልሞርን በጊታር እንዲያግዝ አስገቡት። ለጥቂት ሳምንታት አምስት ሆነው ቆዩ። በጥር 1968 አንድ ቀን ወደ ዝግጅት ሲሄዱ ሲድን ከቤቱ ሳይወስዱት አለፉ። በቃ፣ በዚሁ ቀረ። ሁሉም ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመታት መንገዳቸውን ሲፈልጉ አለፉ። ያገኙት ይመስለኛል በ1971፣ ‹ኤኮስ› በሚባለው 23 ደቂቃ በሚፈጅ ሥራ። የሚጀምረው በራይት ፒያኖ አንዲት ኖታ ነው፤ ከባሕር ሥር እንደሚመጣ ጠብታ ትሰማለች። የራይት ስም ከሌሎቹ ያነሰ መነሳቱ ሁሌም ያበሳጨኛል፤ ያ ሰፊ፣ ጭጋግ የመሰለ ድምፅ በአመዛኙ የእሱ እጅ ነው።

በ1973 ‹ዘ ዳርክ ሳይድ ኦቭ ዘ ሙን› ወጣ። ስለ ጊዜ፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ሞትና ስለ እብደት ነው። ‹መኒ› ላይ የሚሰማው የሳንቲምና የካሽ ሬጅስተር ድምፅ የቴፕ ክር በእጅ እየተቆረጠና እየተቀጠለ የተሠራ ነው፤ ምቱም የተለመደው አራት ሳይሆን ሰባት ነው። ክሌር ቶሪ የምትባል ዘፋኝ ደግሞ ‹ዘ ግሬት ጊግ ኢን ዘ ስካይ› ለሚባለው የራይት ሙዚቃ ስቱዲዮ ገብታ ያለ አንድ ቃል፣ በድምፅ ብቻ፣ ስለ ሞት እንድታዜም ተጠየቀች። የተከፈላት 30 ፓውንድ ነበር። ከ30 ዓመት በላይ ቆይታ ከሰሰች፣ ስሟም ከራይት ጎን በደራሲነት ገባ፤ ይገባታል። አልበሙ ከ45 ሚሊዮን ቅጂ በላይ እንደተሸጠ ይገመታል፣ በአሜሪካ የአልበም ሽያጭ ሰንጠረዥ ላይም እስከ 1988 ድረስ ከ700 ሳምንት በላይ ቆይቷል።

የእኔ አልበም ግን ቀጥሎ በ1975 የመጣው ‹ዊሽ ዩ ዌር ሂር› ነው። ለጀማሪም ከዚህ ጀምር እላለሁ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሳታቋርጥ። መግቢያውና መዝጊያው ‹ሻይን ኦን ዩ ክሬዚ ዳይመንድ› ነው። ዘጠኝ ክፍል ያለው፣ ለሲድ የተጻፈ። ዘፈን ሳይጀመር ከስምንት ደቂቃ በላይ መሣሪያ ብቻ ይሰማል። መሃል ላይ ጊልሞር አራት ኖታ ይመታል፣ ዝም ይላል፣ ይደግማቸዋል። ሰው ስም ጠርቶ መልስ ሲጠብቅ ይመስላል። ትዝታን እየሰማ ላደገ ሰው ይህን ስሜት ማስረዳት አያስፈልግም።

ጁን 5 ቀን 1975 ይህንን ሥራ ስቱዲዮ ውስጥ እያስተካከሉ ሳለ አንድ ወፍራም፣ ፀጉሩንም ቅንድቡንም የተላጨ ሰው ገባ። ማን እንደሆነ አላወቁትም። ሲድ ነበር። ዋተርስ ሲያውቀው አለቀሰ። ይህን ካወቅኩ በኋላ አልበሙን እንደ ድሮው መስማት አልቻልኩም።

በ1977 ‹አኒማልስ›፣ በ1979 ‹ዘ ዎል› ተከተሉ። ሁለተኛው የተጠነሰሰው ሞንትሪያል ውስጥ ዋተርስ በንዴት አንድ ተመልካች ላይ ተፍቶ በራሱ ከደነገጠ በኋላ ነው። እዚያም ውስጥ የጎደለ ሰው አለ፤ በ1944 ጣሊያን ውስጥ በጦርነት የሞተው የዋተርስ አባት። ከዚሁ አልበም የለንደን ተማሪዎች ያዜሙበትን ‹አናዘር ብሪክ ኢን ዘ ዎል› የሚባለውን ዘፈን ደቡብ አፍሪካ ጥቁር ተማሪዎች ለተቃውሞ ሲዘምሩት የአፓርታይድ መንግሥት አገደው። በባንዱ ውስጥ ግን ፍቅር አልቆ ነበር። ራይት ተባረረ፣ ዋተርስም በ1985 ለቀቀ። ከዚያ በኋላ በጊልሞር መሪነት የወጡትን አልበሞች እሰማቸዋለሁ፤ ጊታሩ ያምራል፣ ግጥሙ ግን ሳሳብኝ።

እኛ ጋር የሚያገናኛቸው መንገድም አለ። ‹ዘ ዎል› በ1982 ፊልም ሲሆን ዋናውን ሰው የተወነው ቦብ ጌልዶፍ ነው፤ በ1985 ለኢትዮጵያ ረሃብ ላይቭ ኤይድ የሚባለውን የእርዳታ ኮንሰርት ያዘጋጀው። ከ20 ዓመት በኋላ ላይቭ ኤይት የሚባለው ሌላ ኮንሰርት ሲመጣ የተኳረፉትን ሰዎች ለማስታረቅ የሮጠውም እሱ ነው። ጁላይ 2 ቀን 2005 ለንደን ሃይድ ፓርክ ውስጥ፣ በላይቭ ኤይድ በታየው ፊልም ላይ ለሞት ተቃርባ የነበረችው ሕፃን ብርሃን ወልዱ አድጋ መድረኩ ላይ ቆመች። ማታ ላይ በዚያው መድረክ አራቱ፣ ዋተርስ፣ ጊልሞር፣ ራይትና ሜሰን፣ ከ24 ዓመት በኋላ አብረው ተጫወቱ። ዋተርስ ‹ዊሽ ዩ ዌር ሂር›ን ከመጀመራቸው በፊት እዚህ ለሌሉት ሁሉ፣ በተለይም ለሲድ ብሎ ሰጠው። ሲድ ያኔ ካምብሪጅ ውስጥ ከሰው ርቆ፣ ሥዕል እየሣለና አትክልት እየኮተኮተ ይኖር ነበር። በዓመቱ፣ በጁላይ 2006 አረፈ። ራይትም በ2008 ተከተለው።