«500 ዲግሪ ቀን» ስንት ቀን ነው?

ሳልመን የሚባለው የእርባታ ዓሣ ከተከተበ በኋላ፣ ክትባቱ መከላከል እስኪጀምር 500 ዲግሪ ቀን ይጠበቅ ይባላል። ስለ ክትባቱ በተወራ ቁጥር ታዲያ ይህ ጥያቄ ይነሳል። ዲግሪ ቀን የቀን ቁጥር አይደለም። የየቀኑ የውሃ ሙቀት ሲደመር የሚገኘው ነው። ውሃው 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሆነ 500 ለመሙላት 50 ቀን ይፈጃል። 5 ዲግሪ ከሆነ 100 ቀን። በቃ።

ለምን እንዲህ ይቆጠራል? ሳልመን እንደኛ የራሱን ሙቀት አይጠብቅም፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ እሱም ይቀዘቅዛል። ቆዳውን የሸፈነው ዝልግልግ ነገር ውስጥ ሊሶዛይም የሚባል ፕሮቲን አለ። የባክቴሪያን ግድግዳ ይበጣጥሳል፤ ክትባት አይጠብቅም። ክትባቱ የሚያሠራው ሌላ ፕሮቲን ነው፦ ፀረ እንግዳ አካል። እሱ አንድን ባክቴሪያ ለይቶ ይይዛል። ችግሩ፣ ለመመረት ጊዜ ይፈልጋል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ ይንቀራፈፋል። ስለዚህ «ከተከተበ ወር ሆኖታል» ማለት ብቻውን ምንም አይነግረንም።

መጠበቁ ግን ያዋጣል። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1987 ለእርባታ ዓሣ ወደ 48 ቶን አንቲባዮቲክ ተጠቅማ ነበር። ክትባት ከተስፋፋ በኋላ፣ ምርቱ እጅግ አድጎም፣ በቅርብ ዓመታት ከ1 ቶን በታች ወርዷል።

ብርድ እንደሚያዘገይ እርግጥ ነው። 500 የሚለው ቁጥር ግን እንደ ክትባቱና እንደ ዓሣው ዓይነት ይለያያል፤ የክትባቱን መመሪያ ያንብቡ።