የድረ ገጽ ጎብኚ መለኪያና የአውሮፓ የግል መረጃ ሕግ

አናሊቲክስ የሚባለው የጎብኚ መለኪያ በየገጹ የሚገባ አጭር የጃቫስክሪፕት ኮድ ነው። ገጹ ሲከፈት ምን እንደታየ፣ ጎብኚው ከየት እንደመጣና በምን ስልክ ወይም ኮምፒውተር እንደገባ ለሰርቨር ይልካል፤ በኢንተርኔት ላይ መሣሪያውን የሚለየው ቁጥር፣ አይፒ አድራሻውም፣ አብሮ ይሄዳል። ተመላላሹን ለመለየት ብራውዘሩ ላይ መለያ ቁጥር ያለው ኩኪ የሚባል ትንሽ ፋይል ያስቀምጣል። የጉግል አናሊቲክስ ዋና ኩኪ ካልተቀየረ 2 ዓመት ይቆያል።

በአውሮፓ ኅብረት እንዲህ ላለው ኩኪ አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የኅብረቱ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ፣ ጂዲፒአር፣ ደግሞ እስከ 20 ሚሊዮን ዩሮ ወይም ከዓመታዊ የዓለም አቀፍ ገቢ እስከ 4 በመቶ ያስቀጣል፤ ከሁለቱ የሚበልጠው ይወሰዳል።

አብዛኛው ስህተት ያለው በቅደም ተከተሉ ነው። የፈቃድ መጠየቂያው ብቅ ሲል ኮዱ ሥራውን ጨርሶ ይገኛል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ገጹን በብራውዘሩ የግል መስኮት ከፍቶ፣ ምንም ቁልፍ ሳይነኩ በብራውዘሩ የገንቢዎች መሣሪያ ውስጥ ያለውን፣ ገጹ ወዴት ጥያቄ እንደላከ የሚያሳየውን የኔትወርክ ዝርዝር ማየት። ወደ መለኪያው የሄደ ጥያቄ ካለ መጠየቂያው ለጌጥ ነው የተቀመጠው። ከዚያ «አልቀበልም» ብሎ እንደገና መፈተሽ ነው። እምቢታውን የሚያርቅም ይቀጣል፤ የፈረንሳዩ ተቆጣጣሪ ክኒል በ2022 እ.ኤ.አ. መግቢያ ጉግልን 150 ሚሊዮን ዩሮ የቀጣው እምቢ ማለት ከመቀበል ይበልጥ ብዙ ጠቅታ ስለሚጠይቅ ነበር።

ሌላው የተደበቀ ቀዳዳ ፎርም ነው። የተሞላው ኢሜይል በገጹ አድራሻ ጫፍ ተለጥፎ የሚሄድ ከሆነ መለኪያው አድራሻውን እንዳለ ይመዘግበዋል፤ የሰው ኢሜይል ማንም ሳያስበው ሪፖርቱ ውስጥ ይቀመጣል። ፎርሙን ማስተካከል እንጂ ሪፖርቱን መደበቅ አይፈታውም።

በ2007 እ.ኤ.አ. ፒዊክ ተብሎ የተጀመረው ማቶሞ የሚባል ሌላ የጎብኚ መለኪያ በራስ ሰርቨር ላይ በነፃ ይጫናል። ክኒል በሚፈቅደው አግባብ ከተዋቀረ ፈቃድ መጠየቅ ላያስፈልገው ይችላል፦ ቆጠራው ለድረ ገጹ ባለቤት ብቻ ይውላል፣ ጎብኚውን ወደ ሌላ ድረ ገጽ አይከተልም፣ ኩኪው ከ13 ወር፣ መረጃው ከ25 ወር አያልፍም። አይፒውም ይሸፈናል፤ 203.0.113.45 የነበረው 203.0.0.0 ይሆናል። ከተማውን መለየት ይቀራል፣ አገሩ ግን ብዙ ጊዜ ይታወቃል።

ጂዲፒአር አውሮፓ ያለ ጎብኚን እንቅስቃሴ የሚከታተልን ሁሉ ስለሚነካ ከአዲስ አበባ የሚተዳደርና በጀርመን ወይም በስዊድን አንባቢ ያለው የአማርኛ ድረ ገጽም ሊገባበት ይችላል። ኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. የራሷን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አውጥታለች፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።