ኔግሪቱድ ምንድን ነው?

ኔግሪቱድ በፈረንሳይኛ የሚጽፉ ጥቁር ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ፓሪስ ውስጥ ያስነሡት የሥነ ጽሑፍ እንቅስቃሴ ነው። ፊታውራሪዎቹ የካሪቢያኗ ደሴት የማርቲኒኩ ኤሜ ሴዜር፣ የሴኔጋሉ ሊዮፖልድ ሴዳር ሴንጎር እና የፈረንሳይ ጊያናው ሊዮን ዳማስ ናቸው። ስሙን ያወጣው ሴዜር ነው፤ ጥቁርን ለማዋረድ ከሚወረወር ስድብ ወስዶ የክብር መጠሪያ አደረገው። የቅኝ ገዢው ትምህርት ቤት ጥቁሩን ልጅ ራሱን ንቆ ፈረንሳዊ ለመምሰል እንዲጣጣር አሳድጎታል፤ እነሱ ደግሞ ገጣሚው ከገዛ ታሪኩ ተነሥቶ ይጻፍ አሉ።

ይህን ብዙ ሰው «ስለ ጥቁርነት መግጠም» አድርጎ ይረዳዋል። እኔ ግን የሴዜርን አሠራር ሳይ ሌላ ነገር ይታየኛል። እ.ኤ.አ. በ1935 ክረምት ዩጎዝላቪያ፣ ባሕር ዳር ያለ የጓደኛው ቤት በእንግድነት ሰንብቶ ነበር። ከመስኮቱ ማዶ የምትታየው ስፍራ ማን እንደምትባል ቢጠይቅ «ማርቲንስካ» አሉት። ስሟ ከማርቲኒክ ጋር መመሳሰሉ የትውልድ አገሩን አስታወሰውና ወደ አገር ቤት ስለመመለስ የሚናገረውን ረጅም ግጥሙን መጻፍ ጀመረ። ግጥሙ በ1939 ታተመ፤ እሱ ግን አልተወውም፣ እስከ 1956 ድረስ እየጨመረና እየቀነሰ ደጋግሞ ሠራው። ማንነቱ ብዕሩን አስነሣው እንጂ ስንኙን አልጨረሰለትም፤ የቀረው የዓመታት ልፋት ነው።

ናይጄሪያዊው ደራሲ ወሌ ሾይንካ ነብር ይዘላል እንጂ ነብርነቱን አያውጅም ብሎ እንቅስቃሴውን ተችቷል። ትችቱ ለመፈክር ግጥም ይገባዋል፤ ሴዜርን ግን የሚነካው አይመስለኝም።

እዚህ ሀዋሳ ጥቁርነት ማንንም አያስጠይቅም። ጥያቄው በቋንቋና በብሔር በኩል ይመጣል፤ ቀለምና ብሔር አንድ ባይሆኑም የገጣሚው ፈተና ይቀራረባል። በሲዳምኛ አፉን የፈታ ወጣት በአማርኛ ሲገጥም ማንነቱን በስንኝ ሁሉ ማስታወቅ ያለበት ይመስለዋል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ለሆነው ለፍቼ ጨምበላላ ቀን ለመቁረጥ አያንቶዎች ቀና ብለው የከዋክብትን አካሄድ ሲከታተሉ ያየውን ቢጽፍልኝ እመርጣለሁ። «አያንቶ» የሚለውንም ሳይተረጉም፣ የግርጌ ማስታወሻ ሳያክል ይተወው። ሴዜርም የማርቲኒክን ዕፅዋት በየስማቸው ጠርቶ፣ ለፓሪስ አንባቢ ሳያብራራ አልፏል።